ጨፌው ላይ ሁለት ጊዜ ጠራሁ

ከእንጦጦ ጀርባ ሲወርዱ ሱሉልታን የሚያዩ ሰዎች «እንዴት ያለ ለምለም ሜዳ ነው!» ይላሉ። አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጦ ይህን ማለት ቀላል ነው። እኔ በጃንሆይ ጊዜ፣ ገና ሙሽራ ሳለሁ፣ አንድ ክረምት ከዚያ ሜዳ ዳር ኖሬአለሁ። ለምለምነቱ ውሃ ነው። ከሰኔ ጀምሮ ሣሩ ሥር ውሃ ይተኛል፤ የረገጡት ሁሉ ይሰምጣል። ወደ እንጦጦ በኩል ካለው ባሕር ዛፍ በቀር ዓይን የሚያርፍበት ዛፍ የለም። አገሬው ጨፌ ይለዋል።

ባለቤቴ የግሬደር ነጂ ነበር። የመንገድ ሠራተኞቹ ከአስፋልቱ ዳር፣ ልክ ጨፌው አፋፍ ላይ፣ የቆርቆሮ ካምፕ ነበራቸው፤ እኔንም ከሰበታ አምጥቶ ከዚያ አንዷ ክፍል ውስጥ አስገባኝ። ብዙም ሳንቆይ የዓባይ በረሃ መንገድ በናዳ ተዘጋ ተባለና ከነጓደኞቹ ወደዚያ ወረደ። «ሳምንት ብቆይ ነው» አለኝ። የመንገድ ሠራተኛ ሳምንት ምን ያህል እንደሚረዝም ያን ጊዜ አላውቅም ነበር። ካምፑ ውስጥ እኔና ጆሮው የማይሰማ አንድ ሽማግሌ ዘበኛ ቀረን።

በአቅራቢያችን አንድ ቤት ብቻ ነበር፤ አንዲት አሮጊት ከጎልማሳ ልጃቸው ጋር ይኖሩበታል። በመጣሁ ሰሞን እርጎ ይዘው ጎብኝተውኝ ነበር። እኔ ግን ሙሽራ ነኝና ዳግመኛ እስኪመጡ ተቀምጬ ጠበቅሁ። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባል የለ? እንደዚያው ነኝ። ኦሮምኛ እንደሆነ የሰበታ ልጅ አይቸግራትም፤ የቸገረኝ ኩራቴ ነው። እሳቸው ሳይመጡ ቀሩ፣ እኔም ሳልሄድ ቀረሁ፣ ዝናቡ በመካከላችን ወረደ።

ለራሴ ቀጠሮ ሰጠሁ። ፍልሰታ እስኪፈታ ባለቤቴ ካልተመለሰ፣ ወይም አንድ ሰው መጥቶ «እንዴት ነሽ» ካላለኝ፣ ጓዜን ጠቅልዬ ወደ እናቴ ቤት እሄዳለሁ። ከሄድኩ እንደማልመለስም አውቅ ነበር። ትዳሬም እዚያው ላይ ያበቃል።

ያን ጊዜ ያነጋገሩኝ አውሬና ወፍ ብቻ ናቸው። ገና ጎህ ሳይቀድ ጋጋኖ የሚባሉት ወፎች ከእንጦጦ በኩል እየተንጫጩ ይመጣሉ፤ ለቅሶ ቤት የዘገዩ ይመስል ጩኸታቸው ከሩቅ ይሰማል። ከዚያ ጨፌው ላይ ይበተኑና በቆልማማ አፋቸው ጭቃውን ሲወጉ ይውላሉ። ማጅራቱ ነጭ የሆነው ቁራ ቆርቆሮው ላይ እየተንጎማለለ ከእንቅልፌ ይቀሰቅሰኛል። ፍልፈል ደረቅ ቦታ ባገኘ ቁጥር አፈር ይቆልላል፤ ቀበሮ ደግሞ ቁልሉ ዘንድ ቆሞ ጆሮውን ቀስሮ ይጠብቃል። አንዳንዴ ጠዋት አጮልቄ ሳይ ዓለሙ ሁሉ ጉም ይሆንና የስልክ እንጨቶቹ እንኳ ይጠፋሉ። ያኔ አልቅሼ አውቃለሁ። ማንም አያየኝም ብዬ ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው የማለቅሰው።

ከሁሉ የወደድኩት የዱር ዝይዎቹን ነው። ግራጫ ናቸው፤ ሲቆሙ አንገታቸውን ወደ ጀርባቸው ስለሚያጥፉ ጋቢ የተከናነቡ ባልቴቶች ይመስላሉ። ሁልጊዜ ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው የሚሄዱት። ከመካከላቸው አንድ ጥንድ ከደጃፌ ፊት ለፊት ካለችው ኩሬ አይለይም ነበር። እየቀናሁባቸውም ቢሆን በየቀኑ አያቸው ነበር።

አንድ ቀን ወደ ማታ ላይ ብቅ ብል አንዷ ብቻ ናት። አንገቷን ዘርግታ ትጣራለች፤ ዝም ትልና ታዳምጣለች፤ ደግሞ ትጣራለች። ቀበሮው ትዝ አለኝ። ምናልባት ሌላኛው ተሰብሮ ወድቆ ይሆናል ብዬ ነጠላዬን አደግድጌ ወደ ጨፌው ገባሁ። ግጫው፣ ያ ጠንካራ ሣር፣ ያለበት ያለበትን እየረገጥኩ ኩሬዋን አለፍኩ። ጥቂት ላባ አገኘሁ፤ ሌላ ነገር የለም። ቀና ስል ካምፑ የለም። መንገዱም የለም። ጉሙ ከኋላዬ ወርዶ ዘግቶታል።

ወደ ቀኝ ብሄድ ውሃው ጉልበቴ ደረሰ። ወደ ግራ ብዞር አንድ እግሬ እስከ ጭኔ ተነከረና ጫማዬን እዚያው ትቼ አወጣሁት። ብርሃኑ እየቀነሰ ነው። ከሩቅ ጅብ ጮኸ፤ ሌላውም መለሰለት። ኡኡ እንዳልል፣ ኡኡ የሚባለው ሰው ሲሞት ወይ ሌባ ሲገባ ነው፤ የአንዲት ዝይ ላባ ፍለጋ ወጥቼ ጠፋሁ ብዬ አገር ላንቀሳቅስ? አፈርኩ። ግን ፍርሃቱ በለጠኝና የአሮጊቷ ቤት ይሆናል ባልኩት በኩል ዞሬ ጠራሁ።

«እማማ!»

ውሻቸው ጮኸ። ስለዚህ ይሰማል ማለት ነው። ትንሽ ቆይቼ ደገምኩ።

«እማማ!»

የበር መዝጊያ ሲጥ ሲል ሰማሁ። ከዚያ ዝም።

ዘጉብኝ አልኩ። ሰምተው ዘጉብኝ። ያን ያህል ሆድ ብሶኝ አያውቅም። ከዚህ በኋላ ቢበላኝ ጅብ ይብላኝ እንጂ ማንንም አልጠራም ብዬ ከንፈሬን ነክሼ ቆምኩ። ያቺ ዝይ ግን አጠገቤ የሆነ ቦታ፣ ጉሙ ውስጥ፣ ያለ ምንም እፍረት መጣራቷን ቀጠለች።

ያወጣኝ የጭነት መኪና ነው። ሾፌሩ ጉሙን ፈርቶ ጥሩምባውን እየነፋ አስፋልቱ ላይ ቀስ ብሎ ያልፍ ነበር፤ ድምፁን ተከትዬ፣ እየወደቅሁ እየተነሣሁ፣ ጠርዙ ላይ ደረስኩ። ቤቴ ገብቼ ጓዜን ጠቀለልኩ። የፍልሰታን መፈታት የሚጠብቅ ሆድ አልቀረኝም።

በማግስቱ ጠዋት አስፋልቱ ዳር ቆሜ ከፍቼ ከተማ የሚመጣውን አውቶቡስ ስጠብቅ አሮጊቷ ከጨፌው ውስጥ ወጡ። እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ናቸው። ልጃቸው ገመድ በትከሻው ጥሎ ይከተላቸዋል።

«አካም ቡልቴ፣ ኢንታላ ኮ? እንዴት አደርሽ ልጄ?» አሉኝ እያለከለኩ። «ማታ ከጨፌ ውስጥ ድምፅ አልሰማሽም? እማማ፣ እማማ ብሎ ጠራኝ። ከንጋት ጀምሮ ስንፈልግ ነው፤ ምንም የለም።»

«እኔ ነኝ የጠራሁት» አልኩ። ድምፄን ማለስለስ አልቻልኩም። «አንቱ ደግሞ በሩን ዘጉብኝ።»

«ዘጋሁ? ከፈትኩ እንጂ! ይኸው እሱ ችቦ ለኩሶ ደጃፍ ቆሞ አመሸ። ሦስተኛውን ስንጠብቅ፣ ስንጠብቅ...» እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «ሲጨልም ከጨፌ የሚጣራ ሁሉ ሰው አይደለም፣ ልጄ። ሁለት ጊዜ ክፉ ነገርም ይጠራል። ሦስተኛ የሚጠራ ሰው ነው። ምነው ሦስተኛ ሳትጠሪኝ?»

ይህን ልማድ እናቴም አስተምራኛለች። «ማታ ሦስት ጊዜ ካልተጠራሽ አቤት እንዳትዪ» ትለኝ ነበር፤ እኔም ሰበታ ቤታችን ውስጥ ሆኜ ስንቱን ጥሪ ሦስት እስኪሞላ ቆጥሬአለሁ። ውጭ ቆሜ ጠሪዋ እኔ ስሆን ግን ትዝ አላለኝም።

አውቶቡሱ መጥቶ ቆመ። ረዳቱ «አዲስ አበባ ነሽ? ቶሎ በይ!» አለኝ። የአሮጊቷን እግር አየሁት። ጭቃው ገና እርጥብ ነው፤ ቁርጭምጭሚታቸውን ግጫ ቆርጦት ይደማል። እኔን ፍለጋ መሆኑን ሳያውቁ እኔን ሲፈልጉ ነው የቆሰሉት።

«አልሄድም» አልኩት።

ልጃቸው ጓዜን አንሥቶ ወደ ካምፑ መንገድ ጀመረ።

ባለቤቴ ከመስቀል በኋላ ነው የመጣው። እስከዚያው ክረምቱ ያው ክረምት ነበር፤ ጉሙም አልቀረ፣ ዝይዋም ብቻዋን ነበረች። ከአውቶቡሱ የቀረሁ ዕለት ማታ ግን ቆርቆሮዬ ሥር ተቀምጬ ሳለ ከወዲያ ማዶ የአሮጊቷ ድምፅ መጣ።

«የካምፕ ልጅ!»

ብድግ አልኩ። አፌን በሁለት እጄ ያዝኩ።

«የካምፕ ልጅ!»

ውሻው እንኳ ዝም ብሏል። በሬን ከፍቼ ጉሙ ፊት ቆምኩ። ሦስተኛውን ጠሩ።

«አቤት!» አልኩ፤ ጆሮው የማይሰማው ዘበኛ እንኳ ዞሮ አየኝ።