ጎረቤት ዘንድ የሄደችው ርስቴ

ልጄ ለቤት መሥሪያ ያስደፋው አሸዋ ዝናብ ሲነካው ሸተተኝና የወንዛችን ደሴት ትዝ አለችኝ። ጎርፉ በወዲያ እየበላት በወዲህ አሸዋ የሚከምርባት፣ ሰው የማይኖርባት ትንሽ ደሴት ነበረች።

በጃንሆይ ጊዜ ነው፣ ስማዳ። አያቴ ለወንድሞቼ የርስቱን ወሰን ሲያሳዩ እኔን ተዉኝ። «ለኔስ?» ብዬ አለቀስሁ። ወንድሞቼ ሳቁብኝ። አያቴ ግን ደሴቲቱ ላይ አራት ድንጋይ ተከሉና «በይ፣ ርስትሽ ይቺት» አሉኝ። ዱባ ዘራሁባት።

ክረምቱ አልፎ ብሄድ ዱባዬም ድንጋዮቼም የሉም፤ ደሴቴም ወደ ጎረቤታችን ዳር ተጠግታለች። ስነፈርቅ አያቴ ሱሪያቸውን ሰብስበው፣ እጄን ይዘው ተሻገሩና አዲስ ድንጋይ መትከል ያዙ። ጎረቤታችን ከማዶ ጮኸ፦

«ኧረ ጌታው፣ እኔ ዘንድ መጥታለች!»

«በእግሯ ነዋ የመጣች! እንግዳ ትቀማለህ?» አሉት አያቴ።

ሰውዬው ከት ብሎ ሳቀ። የማን እንደሆነች እስከ ዛሬ አልተፈረደም።

ነፍሳቸውን ይማረውና፣ ለአንዲት ነፍራቃ ብለው በስተርጅና እስከ ጉልበታቸው ውኃ ገቡልኝ። ከዚያ ወዲህ ርስት የለኝም ብዬ አልቅሼ አላውቅም።