የእትዬ እጀታ በር

ሰፈሩ እትዬ እጀታ የሚላቸው ያለ ነገር አይደለም። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አስታማሚ ነበሩ። የሴቶቹ ክፍል በሮች ከውስጥ እጀታ አልነበራቸውም፤ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ብቻ። የብረቱን እጀታ ሠራተኛው በጋዋን ኪሱ ይዞ ይዞራል፤ ሰክቶ ይከፍታል፣ ነቅሎ ይሄዳል። ጡረታ በወጡበት ዓመት ሆስፒታሉ ሲዘጋ ሌላው አንሶላና ወንበር ሲሻማ እሳቸው ያቺን ብረት በጉያቸው ሸጉጠው ወጡ። "ምን ያደርግልዎታል?" ሲሏቸው "ማን ያውቃል" ይላሉ። በሰው ላይ ሲዘጉት የኖሩት በር አንድ ቀን በራሳቸው ላይ እንዳይዘጋ ይፈሩ ነበር፤ እውነቱ ይሄው ነው።

ዘንድሮ መርሳት ጀመሩ። ጋዙን ለኩሰው ይተኛሉ። አንዴማ ዳቦ ሊገዙ ወጥተው ጠፉና ሰው መርቶ አመጣቸው። አብራቸው የምትኖረው ልጃቸው ልብስ ሰፊ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ሱቋ ነው የምትውለው። ሰሞኑን አናጢ ጠርታ የእናቷን መኝታ ቤት በር ስታስመታ ነበር፤ "ላልቶ ነው" አለቻቸው። የድሮው ሆስፒታል ደግሞ ቀለም ተቀብቶ የአረጋውያን መጦሪያ ሆኗል።

"እማዬ፣ አይተን እንመለሳለን" አለቻቸው አንድ ጠዋት።

ይህችን ቃል ስንት ዘመን እዚያው ደጃፍ ላይ ሰምተዋታል! ልጅ እናቱን፣ ባል ሚስቱን እንዲሁ እያለ ያመጣ ነበር፤ የሚመለሰው ግን አምጪው ብቻ ነው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ብለው ብረቷን ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱና ተከተሏት።

የሴቶቹ ክፍል ቢጫ ተቀብቷል። አንዲት ለጋ ተንከባካቢ "ይግቡ እማማ" ብላ በሩን ከኋላቸው ገፋ አደረገችው። በሩ ቀጭ አለ። ብረቷን አወጡና ቀዳዳውን ፈለጉ። ቀዳዳ የለም። በቦታው የሚያብረቀርቅ እጀታ አለ፣ ያውም ከውስጥ! ከፈቱት። ዘጉት። ደግመው ከፈቱት።

"ሁልጊዜ እንዲህ ያደርጋቸዋል?" አለች ተንከባካቢዋ ለልጃቸው፣ በሹክሹክታ። እሳቸው ግን ሰሟት። ጥያቄው ድሮ የራሳቸው ነበር። የልጃቸውን ቀሚስ ጨምድደው ያዙ።

"አይተን እንመለሳለን አላልሽኝም? እንግዲህ አየን!"

ልጃቸው እንባዋ መጣ፤ እጃቸውን ይዛ ወደ ቤት መለሰቻቸው። እሳቸው መንገዱን ሁሉ "ቢጫ ቀለም! ጤነኛውንም ያሳብዳል እኮ!" እያሉ ሲቀልዱ መጡ። ገብተው አልጋቸው ላይ ጋደም አሉ።

"እማዬ፣ ሱቅ ደርሼ ልምጣ" ብላ ልጃቸው በሩን ሳብ አደረገችው። ወዲያው ከውጭ በኩል የብረት መወርወሪያ ሲንሸራተት ተሰማ። ለካ አናጢው የመጣው በሩ ላልቶ አልነበረም።

"ልጄ! ኧረ ልጄ!"

"አይዞሽ እማዬ፣ አሁን እመጣለሁ።"

ድምጿ ለስላሳ ነበር። እትዬ እጀታም በዚያ በሆስፒታሉ ኮሪደር እንዲሁ ነበር የሚሉት፣ እንዲሁ አለስልሰው፣ እየሄዱ። ብረቷን ይዘው በሩን ከላይ እስከ ታች ዳበሱት። መሰኪያ ቀዳዳ እንኳ አልነበረውም።