ወንድሜ ሊፈርምልኝ የመጣ ቀን

የያዙኝ አሶሳ፣ ከቪዲዮ ቤቱ በር ላይ ነው። ክልሉ ገና አዲስ ነበር፤ የቢሮዎቹ ታፔላ ቀለሙ አልደረቀም፣ እኔን ያስገቡኝም የድሮ የሰፋሪዎች እህል መጋዘን ውስጥ ነው። መጀመሪያ የማሽላ ብናኝ ሸተተኝ። ቀጥሎ የቆርቆሮው ሙቀት። ምንጣፍ ላይ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ቀና ብለው አዩኝ።

«አንተ ምን አደረግህ?» አለችኝ ትልቋ፣ ገበያ ማንጎ የምትሸጥ የበርታ ሴት፤ በእሷ አማርኛ ሴቱም ወንዱም «አንተ» ነው።

«ፊልም አየሁ።»

«ወላሂ? ፊልም ያሳስራል?»

ያሳሰረኝስ አፌ ነው። ትምህርት ቤት የማስተምረው አንድ የቆየ ቲያትር አለ። ባሏ የሞተባት ሴት ቤቷን ሊነጥቋት ችሎት ትጠራለች፤ ብቻዋን ቆማ ዳኛውን መልስ ታሳጣዋለች። ከዚያ ቲያትር በተሠራው ፊልም ግን ሴትዮዋ ታለቅሳለች፣ ታለቅሳለች፣ የባሏ ወንድም ተነስቶ በእሷ ፈንታ ይናገራል። ሰዉ አጨበጨበ። እኔ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ብድግ ብዬ «አፏን ማን ቀማት? እዚህስ አዲሶቹ ሹሞች ስብሰባ ላይ ስንት ሴት ትናገራለች?» አልኩ። ከኋላዬ የተቀመጠው ሰውዬ ከሹሞቹ አንዱ ኖሯል።

ልጄ ስምንት ወሯ ነበር። ለሁለት ሰዓት ብዬ ጎረቤት ጥያት ነው የወጣሁት። በማግስቱ ቀሚሴ በወተት ራሰ፣ ጡቴ ድንጋይ ሆነ። ውጭ ሕፃን ባለቀሰ ቁጥር የእሷ ድምፅ ይመስለኛል። የማንጎ ነጋዴዋ ሻሿን ፈትታ ደረቴን አሰረችልኝ።

በሦስተኛው ቀን ታላቅ ወንድሜ ከባምባሲ መጣ። የእህል ነጋዴ ነው፤ ሰው ያከብረዋል። መርማሪው ፊት አቀረቡኝ። ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ተዘርግቷል፤ «እህቴ ሳይገባት በስሜት ተናገረች፣ ወደፊት በአደባባይ እንዳትናገር እኔ ኃላፊነት እወስዳለሁ» ይላል። ከሥሩ የወንድሜ ስም ብቻ።

«የእኔ ፊርማስ?»

መርማሪው ሳቀ። «አንቺ ምን አስጨነቀሽ? ወንድምሽ ይፈርማል፣ ልጅሽ ጋ ትሄጃለሽ።»

«በቤትሽ አልፌ ነው የመጣሁት» አለኝ ወንድሜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ልጅቷ የላም ወተት እምቢ ብላለች። እባክሽ እታለም፣ ዛሬን ብቻ ዝም በይ።»

ፊልሙ ላይ ባየኋት ሴት ቦታ እኔው ቆሜያለሁ። እንባዬም መጥቷል።

«ጋሼ፣ አትፈርም» አልኩት። ወደ መርማሪው ዞርኩና «ባዶ ወረቀት ይስጡኝ» አልኩ። የተናገርኩትን አንድ ቃል ሳልቀንስ ጻፍኩ። ስሜን ጽፌ ፈረምኩ። ወንድሜ ቀና ብሎ ሊያየኝ አልቻለም።

ዘጠኝ ቀን ተጨመረብኝ። ስመለስ የማንጎ ነጋዴዋ «ተፈታህ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር» አለች። የሆነውን ነገርኳት። «ና፣ ወተቱን እናውጣ» ብላ ጣሳ አቀረበችልኝ። እያለቀስኩ አለብኩት።

ስፈታ ልጄ ጡቴን እምቢ አለች። ፊቷን ወደ ጎረቤቴ አዞረች።

ዛሬ ትልቅ ሴት ናት። ታሪኩን ታውቃለች፤ ደግ አደረግሽ ብላኝ ግን አታውቅም። እኔም ፈርቼ ጠይቄያት አላውቅም። ባለፈው ዓመት አብረን ተቀምጠን ሳለ ያ ፊልም በቴሌቪዥን መጣ። ሴትዮዋ ማልቀስ ስትጀምር ልጄ ተነሳችና አጠፋችው።

«እማ፣ ሻይ ላፍላ?» አለችኝ።