የማይፈታው ላፕቶፕ

ሞጣ መናኸሪያ አጠገብ «ያልተፈታ ካለ ወደኛ» የሚል ታፔላ የሰቀለ አንድ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነበር፤ አስናቀው ይባላል። ልጅ ሳለ ቢቸና የኔታ ገብረ ሕይወት ዘንድ ሁለት ዓመት ቅኔ ተምሯል። ቅኔው አልፈታለት ሲል ጥሎ ወጣና ሬዲዮ መፍታት ጀመረ፣ ከሬዲዮ ወደ ኮምፒውተር ተሻገረ። እጁ የተባረከ መሆኑን ጠላቱም አይክድም፤ አፉ ግን ከእጁ ይቀድማል።

በ2008 ዓ.ም. የኔታ ራሳቸው ከቢቸና መጡ። እንደ ብሎኬት የወፈረ ላፕቶፕ በነጠላ ጠቅልለው ይዘዋል። በሞት የተለዩትን የመምህራቸውን ቅኔ በየደብሩ ካሉ ሽማግሌዎች አፍ እየለቀሙ፣ በሁለት ጣት ሦስት ዓመት የጻፉት እዚያ ውስጥ ነው። ከሽማግሌዎቹ ገሚሱ አልፈዋል።

«ዘገየብኝ፣ ልጄ» አሉ።

መላው ቀላል ነበር፤ ራም ቢጨመርለት ገና አምስት ዓመት ያገለግላል። አስናቀው ግን በመምህሩ ፊት ትልቅ ሰው ሆኖ መታየት አማረው። መደርደሪያው ላይ እንደ ቂጣ የሳሳ አዲስ ላፕቶፕ ነበር። «ይሄ አሮጌ ለእርስዎ አይመጥንም፣ የኔታ» ብሎ በአዲሱ ለወጠላቸው። ጽሑፉን ገለበጠላቸውና የአሮጌውን ዲስክ አጥፍቶ ለሌላ ደንበኛ ገጠመው።

የኔታ አዲሱን ገለባብጠው አዩት። «የሚፈታው በየት በኩል ነው?»

«ይሄ እንኳ መፈታት አያሻውም» ብሎ ሳቀ።

«የማይፈታ ቅኔ ያስፈራኛል፤ ወይ ጥልቅ ነው፣ ወይ ባዶ» አሉና ተሰናብተው ሄዱ። አስናቀው የሽማግሌ ጨዋታ መሰለው።

በዓመቱ ላፕቶፑ አልበራ ብሎ ተመለሰ። የተበላሸው የቻርጀር መግቢያው ብቻ ነው። ወፍራሙ ቢሆን ዲስኩን መዝዞ፣ ሌላ ላይ ሰክቶ ጽሑፉን ያወጣው ነበር። ይሄኛው የሚመዘዝ ነገር የለውም፤ ጽሑፉ የሚቀመጥበት ክፍል ከቦርዱ ጋር ተበይዷል፣ ባትሪው በማስቲሽ ተጣብቋል። ባሕር ዳር ከእሱ የሚሻል ባለሙያ ያውቃል። «አልቻልኩም» ብሎ መላክ ግን ሞት ሆነበት። ባትሪውን በካቻቢቴ ሲፈነቅል እጁ አዳለጠው፤ ቦርዱ ተሰነጠቀ፣ የተቃጠለ ነገር ሸተተ። የሦስት ዓመት ልፋት በዚያች ቅጽበት ጠፋ።

የኔታ ሊወስዱ ሲመጡ አፉ እንደ ልማዱ ቀደመ። «ውሃ ነክቶታል፣ የኔታ። የጠፋው እርስዎ ዘንድ ነው።»

ሽማግሌው አልተከራከሩም። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ጠበል ስጠጣ ይሆናል… ይቅር በለኝ ልጄ፣ ድካምህን ከንቱ አደረግሁት» ብለው ጎንበስ አሉለት።

ያ መጎንበስ ከአስናቀው ዓይን አልጠፋ አለ። ታፔላውን አወረደ። ደንበኛ ሲያመሰግነው መሬት መሬት ያያል። ሰው ፊት ያፈረን ሰው ያጽናናዋል፤ ብቻውን የሚያፍረውን ማን አይዞህ ይበለው?

በስድስተኛው ወር አልቻለም፤ ሚኒባስ ተሳፍሮ ቢቸና ወረደ። የኔታን ከጎጇቸው ደጅ ተቀምጠው አገኛቸው። ሊነሡለት ሲሉ ጉልበታቸው እምቢ አላቸው። አስናቀው እግራቸው ላይ ወደቀ።

«የኔታ፣ ውሃ አልነካውም። በካቻቢቴ የሰበርኩት እኔ ነኝ። ዋሸሁዎት።»

የኔታ ክንዱን ይዘው ቀና አደረጉት። ቁጣ ቢመጣ በወደደ ነበር።

«የመምህሬን ቅኔ በቸልታዬ አጠፋሁ ብዬ ለንስሐ አባቴ ተናዝዤ ነበር» አሉ። «ለአምስት ወር በየቀኑ መቶ ስግደት ሰጡኝ። ትናንት ጨረስኩት።» ያበጠ ጉልበታቸውን በእጃቸው ደባበሱት።

«ለካስ ያንተን ኖሯል የሰገድኩት።»