ፊቱን ወደ ጭቃው

መሰለች ከሽሮ ሜዳ ዝቅ ብሎ ባለች አንድ ክፍል የቀበሌ ቤት ውስጥ፣ ጥጥ እየፈተለች ለሸማኔ በማስረከብ ትኖር ነበር። ሀብቷ እንዝርቷ፣ አልጋዋና ትኋኗ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ አልጋውን ለብቻዬ ወረስኩ ትበል እንጂ፣ ከግድግዳው ስንጥቅ የሚወጣው ትኋን ድርሻዬስ እያለ ሲሟገታት ያድራል።

ግድግዳ ማስለሰን አቅሟ አይደለም። ስለዚህ እንደ ሰፈሩ ሰው ጋዜጣ ልትለጥፍ ተነሳች። ከባለሱቁ ከጌቱ የስኳር መጠቅለያ አሮጌ ጋዜጣ ለመነች፤ የወፍጮ ቤት ጥራጊ ዱቄት በጥብጣ ሙጫ አፈላች፤ አይጥ እንዳይልሰው እሬት ጨመረችበት። ለትኋኑ ደግሞ ሙጫው ላይ ላምባ ጠብ ላድርግ ብላ የኩራዙን ሁሉ ገለበጠችው።

ልጠፋው ራስጌዋ ሲደርስ ችግር መጣ። ጋዜጣው ላይ ኮፍያ የደፋ፣ ደረቱ ሜዳይ የሞላ ትልቅ ባለሥልጣን ዓይኑን አፍጥጦ ያያታል። መሰለች የምትለብሰውም የምታወልቀውም እዚያው ነው። «ባሌ ያልሆነ ወንድ እያየኝማ አላወልቅም» አለችና ፊቱን ወደ ጭቃው ገልብጣ ለጠፈችው።

ቤቱ አማረ። የእንጦጦ ንፋስ መግቢያ አጣ፣ ትኋኑም ድምጥማጡ ጠፋ። መሰለች ከስንት ጊዜ በኋላ እንደ ሰው ተኛች።

ሰንበት ብሎ ጎረቤቷ የሺ ቤቱን ልትመርቅ መጣች። የሺ ወሬ ሳትይዝ የወጣችበት ቤት የለም። ራስጌውን አየችና ጠጋ ብላ ጣቷን ቀሰረች።

«አንቺ፣ እዚህ ግድግዳ ውስጥ ሰውዬ አለ።»

«የምን ሰውዬ?»

«ባለ ኮፍያ። ፊቱን ጭቃ ላይ ደፍተሽው።»

እውነትም ላምባው ወረቀቱን እንደ መስታወት አሳላፊ አድርጎት ሰውዬው በጀርባ በኩል ወለል ብሎ ወጥቷል። መሰለች ልትልጠው ታገለች። ሙጫው እንኳን ወረቀቱን ሊለቅ ግድግዳውን ይዞ ሊመጣ ሆነ። በዚያ ዘመን ከዚህ ባነሰ ነገር ቀበሌ ተጠርቶ የቀረ ሰው ስላለ፣ ጋቢ ሰቀለችበት። የሺ ለማንም አልናገርም ብላ ስለማለች፣ ሳይመሽ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ።

በማግስቱ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ባጫ ሽጉጡን ታጥቆ ብቻውን መጣ።

«ጓድ መሰለች፣ ጋቢውን አንሺው።»

አነሳችው። ባጫ አንገቱን አጋድሎ አየ፣ ቀረብ ብሎም አየ።

«ለምንድን ነው ፊቱ የዞረው?»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ እኔ የማወልቀው እዚህ ነው። እንደዚያ ሲያፈጥብኝ አፈርኩ፤ በእመቤቴ፣ ሌላ ነገር የለውም።»

ባጫ ሳል ያዘው። ሳሉ እየቆየ ሳቅ ሆነ።

«የእኔዋም ሚስት ፎቶውን ከመኝታ ቤት ወደ ሳሎን አዛውራዋለች» አለ፣ ወደ በሩ እያየ። «በይ ሌላ ጋዜጣ ደርቢበት። ፎቶ የሌለው።»

መሰለች አልጋው ላይ ቁጭ አለች። ባጫ ግን አይሄድም፤ ክንዱን ያካል።

«እትዬ መሰለች፣ ትኋኑስ?»

«ዘሩም የለ።»

«እውነት?»

«ይኸው አልጋው፣ ገልጠው ይዩት።»

ገልጦ አየ። እጅጌውንም ሰብስቦ ትኋን ነድፎት ቀይ ቀይ ያለውን ክንዱን አሳያት። ጓድ ባጫ የወጣው ከልጠፋው የተረፈውን ሙጫ በጣሳ ይዞ፣ በጋዜጣ ሸፍኖ ነው። የሺ በር ላይ ቆማ ምን እንደያዘ ብትጠይቀው «የቀበሌ ሥራ ነው» አላት።

መሰለች በሩን ዘጋች፣ ቀሚሷን ሳትሸማቀቅ አወለቀች፣ በጠራራ ፀሐይም ጥቅልል ብላ ተኛች።