ቁናው ላይ የጻፍኩት

የእጅ ጽሕፈቴ ያምራል። ይህን የምለው ጉራዬን ለመንዛት አይደለም፤ በዕድሜዬ ከሁሉ በላይ የሚያሳፍረኝን ነገር የሠራሁት በዚሁ ጽሕፈት ስለሆነ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ የታሪክ ክበባችን ጸሐፊ የሆንኩትም በሌላ ችሎታ አልነበረም። ዓመተ ምሕረት አምታታለሁ፣ የነገሥታቱን ተራ እደባልቃለሁ፤ ፊደሌ ግን ቀጥ ያለ ነበር።

ላሊበላ የሚኖር ልጅ የታሪክ ክበብ ምን ያደርግለታል ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ ታሪኩ ደጃችን ላይ ነው። የክበቡ ንብረት ግን መሃሉ የተቀደደ ካርታ፣ በተራ የምንዋሳቸው ሦስት መጻሕፍትና ቁልፉ ሁልጊዜ ዳይሬክተሩ ኪስ ውስጥ የሚገኝ ቁም ሣጥን ብቻ ነበር። ዓርብ ዓርብ ከሰዓት እንሰበሰባለን። ይምርሐነ ክርስቶስ ድረስ በእግራችን ሄደን ያየነውን ጽፈናል፤ ሽማግሌ ጠይቀን መልሱን በደብተር ገልብጠናል። ደስ ይል ነበር፤ እሱን አልክድም።

አንድ ዓርብ መምህራችን ኤግዚቢሽን ልናዘጋጅ ነው አለን። ገና ከኮሌጅ የወጣ ወጣት ነበር። እያንዳንዳችን አንድ አሮጌ ዕቃ እናመጣለን፤ የማን እንደነበረና ምን እንደተሠራበት ካርቶን ላይ ሁለት ሦስት መስመር እንጽፋለን። ወላጆች ይመጣሉ፣ ከአውራጃም እንግዳ ይመጣል። ከሁሉ የበለጠው ዕቃ ደግሞ ካመጣው ተማሪ ጋር ደሴ ለሚደረገው ትልቅ ኤግዚቢሽን ይሄዳል። ደሴ! እኔ ከሙጃ ገበያ የራቀ አገር አይቼ አላውቅም። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ልቤ ደሴ ገባ።

ቤታችን ውስጥ የረባ አሮጌ ዕቃ አልነበረም። ጎረቤታችን ግን እማሆይ አሉ። ባላቸውን ከቀበሩ በኋላ የመነኮሱ፣ ልጅ ያልወለዱ፣ አንዲት ጎጆ ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ነበሩ። ጉዳዬን ስነግራቸው ብዙ አላስለመኑኝም። ጎተራቸው ላይ ተደፍቶ የነበረ ቁና አወረዱ፤ እህል የሚሰፈርበት፣ ከሣር የተሰፋ፣ አፉ ዙሪያውን በቆዳ የተለበጠ።

«የእናቴ ነው» አሉኝ። «በክፉ ቀን ደጃችን ለመጣው ሁሉ ገብስ በዚህ ትሰፍር ነበር። ሰው ሲሰፍር የቁናውን አፍ በእጁ ጠርጎ ነው የሚሰጥ፤ እሷ ጠርጋ አታውቅም። ቁልል አድርጋ ነው፣ እየፈሰሰ። ኋላ ጎተራው አለቀና እኛም እንደ ሰው ተራብን። በዚያው ሞተች። ተዝካር እንኳ አልወጣላትም፤ ማን ምን ኖሮት ያወጣል?» ቁናውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና ሰጡኝ። «አደራሽን አንች ልጅ፣ ስሟን ጻፊልኝ። ስሟ ተጽፎ አይቼ አላውቅም።»

«እጽፋለሁ እማሆይ፣ ምን ችግር አለ!» አልኩ። ምላሴ ፈጣን ነው።

መጀመሪያ የጻፍኩት እውነቱን ነበር። መምህሩ አነበበውና ከንፈሩን ነከሰ። «ጽሕፈትሽ ያምራል። ግን ደግ ሴት ነበሩ ማለት ምን ታሪክ ይሆናል? እንግዶቹ ማየት የሚፈልጉት የጭቁኑን ገበሬ ኑሮ ነው። ለመሆኑ፣ በክፉ ቀን ለሰው የሚተርፍ እህል የነበራት ሴትዮ ባላባት አልነበረችም?»

ዋሺ አላለኝም፤ ጠየቀኝ እንጂ። የእማሆይ እናት ከጎረቤት ጋር በሬ የምታቀናጅ ተራ ገበሬ እንደነበረች ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። «ሳትሆን አትቀርም» አልኩት።

ሌላ ካርቶን ቆረጥኩና እንደገና ጻፍኩ፦ «ይህ ቁና በቀድሞው ሥርዓት ባላባቶች የጭቁኑን ገበሬ እህል እየሰፈሩ ይዘርፉበት የነበረ ነው።» ከሥሩ «የቁናው ባለቤት» ብዬ የእማሆይን እናት ስም ከነአባቷ አሰፈርኩ። ስሟን ጻፊ ተብያለሁ፣ ጻፍኩ፣ አደራዬን ተወጣሁ ብዬ ራሴን አታለልኩ። ካርቶኑንም እንዳይወድቅ ከቁናው ጋር በክር ሰፋሁት። ሳስበው ዛሬም ፊቴ ይግላል።

የኤግዚቢሽኑ ዕለት ክፍሉን ጠርገን ዕቃውን ዴስክ ላይ ደረደርን፤ ማረሻው፣ የጋን ስባሪው፣ የዛገው ሳንጃ። እማሆይ ይመጣሉ ብዬ አላሰብኩም ነበር። መጡ። ነጠላቸው ታጥቧል፣ ቆባቸውን አስተካክለዋል። ግራ ቀኝ ሳይሉ በቀጥታ ወደ ቁናው ሄዱ።

«እስቲ አንብቢልኝ፣ ልጄ» አሉ።

ዓይኔን በጨው አጥቤ አነበብኩላቸው። «በክፉ ቀን ለተራበ ሁሉ አፉን ሳይጠርጉ ይሰፍሩበት የነበረ፣ የደግ ሴት ቁና…» እያልኩ፣ ጣቴን እንኳ በመስመሮቹ ላይ እያስኬድኩ። እማሆይ «እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ፣ ተባረኪ» አሉ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «ስሟ የትኛው ነው?»

አሳየኋቸው። ጎንበስ አሉና ጣታቸውን ስሙ ላይ አሳርፈው ፊደል በፊደል አነበቡት። አነበቡት! መሠረተ ትምህርት መግባታቸውን አውቅ ነበር፤ ያልገባ አልነበረም። ግን በዚህ ዕድሜያቸው ምን ሊይዙ፣ ቀሩ እንዳይባሉ ነው የሚቀመጡት ብዬ ንቄያቸው ነበር። ስሙን ሁለት ጊዜ ደገሙት። ከዚያ ጣታቸው ወደ ላይ ወጣና ከመጀመሪያው መስመር ጀመሩ። «ይ…ህ ቁ…ና…» ይተዉት እማሆይ፣ ዓይንዎን ያመዎታል፣ ኑ ሌላውን ላሳይዎ፣ ምንም ማለት እችል ነበር። «ይዘርፉበት» የሚለው ላይ ደረሱና ቆሙ። ወደ ስሙ ወረዱ፤ ተመልሰው ወጡ።

«ቅድም ያነበብሽልኝ የቱ ጋ ነው?» አሉኝ። ቁጣ የለበትም። እውነት መስመሩ የጠፋባቸው መስሏቸው ነው የጠየቁኝ። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ!

ወዲያው የአውራጃው እንግዳ ከመምህሩ ጋር አጠገባችን ደረሱ። ካኪ የለበሱ፣ ድምፃቸው ክፍሉን የሚሞላ ሰው ነበሩ። ካርቶኑን ጮክ ብለው አነበቡና «ይኸውላችሁ! ታሪክ ማለት ይህ ነው። ማነው የጻፈው?» አሉ። መምህሩ እኔን አሳየ። «ጎበዝ!» ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ቀጥለው ወደ እማሆይ ዞሩ። «እማማ፣ እርስዎ ያን ዘመን ያውቁታል። ልጅቷ የጻፈችው እውነት አይደለም?»

እማሆይ እኔን አዩኝ። ውሸት ነው ቢሉ፣ በዚያ የአብዮት ዘመን፣ በዚያ ሰውዬ ፊት፣ እኔም መምህሩም ጉዳችን ነው። እውነት ነው ቢሉ እናታቸውን በገዛ አፋቸው ሌባ ማድረጋቸው ነው። እኔ «ተሳስቼ ነው የጻፍኩት» ብል ከዚህ ሁሉ ያወጣኋቸው ነበር። ማፈሪያ! በዚያች ሰዓት ያሰብኩት ደሴን ነው።

«ልጅቷ ጽፋዋለች። የተማረች እሷ ናት» አሉና ዱላቸውን ይዘው ወጡ። እንግዳው አዎ ማለታቸው መስሏቸው ሳቁ።

ደሴ ሄድኩ። ጋቢና ተቀምጬ፣ ቁናውን ጭኔ ላይ አድርጌ። ከተማው ምንም አልጣመኝም ብል ደስ ባለኝ፤ ግን ጥሞኛል። ሱቁን እያየሁ ስስቅ ነው የዋልኩት፣ ሻይ በብስኩት ጠጥቻለሁ። ስንመለስ ቁናው አብሮን አልተመለሰም። ለሌላ ጊዜ ይፈለጋል ብለው ከሌሎቹ ዕቃዎች ጋር መጋዘን አስገቡት። እኔም የሰው ዕቃ ነው፣ ባለቤት አለው ብዬ አልተከራከርኩም።

እማሆይን ሦስት ቀን ሸሸኋቸው። በአራተኛው ቀን እናቴ ገፍታ ላከችኝ። ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅሙ ነበር። የሄድኩት እግራቸው ላይ ወድቄ ይቅር ይበሉኝ ለማለት ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ስለማመደው አድሬያለሁ። ከአፌ የወጣው ግን «ቁናው ደሴ ቀረ» የሚለው ብቻ ነበር።

«ቁናስ ይሰፋል» አሉ፣ ቀና ሳይሉ። አንዲት ጠጠር ለቅመው ጣሉና «ስሟስ?» አሉኝ።

«ካርቶኑ ላይ ነው። አብሮ ቀረ።»

«በእርሳስ ነው የጻፍሽው?»

«በቀለም ነው፣ እማሆይ።»

«እንግዲያ አይለቅም» አሉና ምስራቸውን መልቀም ቀጠሉ።