የሠርግ ሳምንት ምክር

ዛሬ እንጅባራ ላይ ባጃጅ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ቅቤ የጠጣው ሹሩባዋ ሸተተኝና ልጅነቴ፣ ዳንግላ ትዝ አለኝ።

ጎረቤታችን እትዬ ጥሩዬ ለእህቴ ለአስናቁ የሠርጓን ሹሩባ እየሠሩላት ነበር። ባላቸው በኤች አይ ቪ ሞተውባቸዋል፤ ቫይረሱ በእሳቸውም ደም ውስጥ ነበር።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር በመልክ አይታወቅም። ሁለታችሁም ሳትመረመሩ እንዳትጋቡ» አሏት።

«እትዬ ደግሞ! እሱ እኮ ጨዋ ልጅ ነው» ብላ ሳቀች።

እናቴም «ምነው እትዬ፣ በሠርግ ሳምንት ይሄ ይነሳል?» አለች። እትዬ ጥሩዬ ሹሩባውን መሥራታቸውን ቀጠሉ።

አስናቁ የተመረመረችው ካረገዘች በኋላ ነው። ቫይረሱ ተገኘባት። መድኃኒቱን በጊዜ ስለጀመረች ልጇ ነጻ ሆኖ ተወለደ። እሷ ግን እስከ ዛሬ በእትዬ ጥሩዬ ደጅ ስታልፍ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳብ ታደርጋለች።